በሰው አገር ገበያ እያደነቁ በአገር ገበያ አፍንጫን መያዝ

ለስብሰባ፣ ለትምህርት ወይም ለጉብኝት ወደ ባሕር ማዶ ተሻግረው የሚመለሱ ወገኖቻችን ከሚያወሩልን ነገር ሁሉ አንዱ ዘወትር ያስገርመናል። ስለ ቤተ መዘክሩ ሲጠየቁ በአጭር ቃል መልሰው ያልፋሉ፤ ስለ ስብሰባው ሲጠየቁ «ደኅና ነበር» ብለው ይዘጉታል፤ ስለ ሰፈሩ የምግብ ገበያ ሲነሣ ግን ፊታቸው ይፈታል። በጎዳናው ላይ ስለ ተወጠረው ሸራ፣ በየመደቡ ስለ ተደረደረው ፍሬ፣ ስለ ሻጮቹ ጩኸትና ቀልድ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በዋጋ ስለምትከራከረው አሮጊት እየደጋገሙ ያጫውቱናል። «የሕዝቡ ኑሮ የሚታየው እዚያ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኛም በደረስንበት አይተነዋልና አንክድም።

የምንከራከራቸው ከዚህ በኋላ ስለሚያደርጉት ነው። እነዚሁ ሰዎች ካገራቸው በገቡ በሳምንቱ በሰፈራቸው ጉሊት አጠገብ በመኪና ሲያልፉ መስታወቱን ከፍ ያደርጉና «ይህ ቆሻሻ መቼ ይሆን የሚነሣልን?» ይላሉ። ቆሻሻ ያሉት ምኑን ነው? ቲማቲሙን ነውን? ጎመኑን ነውን? ወይስ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ሸክሟን እዚያ ያወረደችውን ሴት? በሰው አገር ያደነቁትና በአገራቸው የጠሉት አንድ ነገር ነው፤ መሬት ያበቀለውን አምጥቶ ለጎረቤት መሸጥ። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ ከተባለም ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ መመርመር ይገባል።

ብዙዎቹ መልእክተኞቻችን የሚያውቋትን ፓሪስን እንውሰድ። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 የዩኔስኮ አባል ከሆነች ወዲህ ሹማምንቶቻችንና መምህራኖቻችን ወደዚያች ከተማ ሲመላለሱ ኖረዋል። የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ከፎንትኗ አደባባይ ተነሥቶ የሚሄድ አቬኑ ደ ሳክስ የሚባል ሰፊ፣ ዛፍ የተተከለበት ጎዳና አለ። በዚህ ጎዳና ላይ ሐሙስና ቅዳሜ ማለዳ ገበያ ይቆማል፤ የኤፍል ግንብም ከሸራዎቹ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል። የስብሰባው ንግግር ሲረዝምባቸው ወጣ ብለው በዚያ ገበያ የተዘዋወሩ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉም። ስለ ጠገበ አይብና ስለ ወይን ዘለላ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው።

አሠራሩ ግን ከአይቡ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ነበር። ገበያው ከመቆሙ አስቀድሞ የብረት ምሰሶዎች በመንገዱ ላይ በተዘጋጀላቸው ቀዳዳ ይተከሉና ሸራው ይወጠርባቸዋል። ሻጩ የያዘው ቦታ በሜትር ተለክቶ ኪራይ ይከፍላል። በየፍሬው ላይ ዋጋውና የበቀለበት አገር በትንሽ ሰሌዳ ተጽፎ ይሰካል። ከቀትር በኋላ ገበያው ሲነሣ የከተማው ጽዳት ሠራተኞች አረንጓዴ ልብሳቸውን ለብሰው ይመጣሉ፤ የተረፈውን ጠርገው፣ መንገዱን በውሃ አጥበው ይሄዳሉ። ወደ ማታ በዚያ የሚያልፍ ሰው በማለዳው ዓሣና ሥጋ ሲሸጥበት እንደ ነበር አያውቅም።

«ያ የባለጸጎች ሰፈር ነው» የሚለን ቢኖር፣ ከባስቲይ አደባባይ ብዙ ወደማይርቀው ወደ አሊግር ገበያ ይሂድ። አሊግር ከሰኞ በቀር ዕለት ዕለት ይቆማል። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ዋጋው ረከስ ያለ ስለሆነ ግፊያው ብርቱ ነው። ቀትር ሲቃረብ መሬቱ በሰላጣ ቅጠል፣ በብርቱካን ልጣጭና በተሰባበረ ሣጥን ይሞላል፤ ሻጩም ይዤው ከምመለስ ብሎ ዋጋውን እየጣለ ይጮኻል። ገበያው ሲበተን ድሆችና አንዳንድ ተማሪዎች ከተጣለው መካከል ደኅና ደኅናውን ይለቅማሉ። በዚያች ሰዓት የአሊግር መንገድ ከአዲስ አበባ ጉሊት ይልቅ ንጹሕ ነው ብሎ የሚምል ሰው ካለ ዓይኑን ለሐኪም ያሳይ። ይሁን እንጂ ያ በሰፈሩ መስታወቱን የሚዘጋው መንገደኛ በአሊግር አፍንጫውን አልያዘም፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለቤተ ሰቡ ላከ እንጂ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ውሃው መጣና መንገዱ ታጠበ።

እንግዲህ የፓሪስ ሹማምንት ገበያው ስላቆሸሸ ገበያውን አላባረሩም፤ ውሃ ላኩ። የእኛ ተመላላሽ ወገኖች ካዩት ሁሉ ይህችን አንዲት ነገር ሳያዩ መመለሳቸው ምን ይባላል? የውሃውን ቱቦ የተሸከመውን ሠራተኛ ከአይቡ ለይተው ቢያዩት ኖሮ፣ ካገራቸው ሲገቡ የሚጠይቁት ጥያቄ ሌላ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ጉሊታችን እንመለስ። ጉሊት ምን እንደ ሆነች የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ነገር ግን ማወቅና ልብ ማለት ልዩ ልዩ ናቸው። ሴትዮዋ በሌሊት ወደ አትክልት ተራ ትሄዳለች። ለሰውም ለጆንያውም ከፍላ ትመለሳለች። ማዳበሪያ መሬት ላይ ዘርግታ ቲማቲሙን አራት አምስት እያደረገች በመደብ ትደረድራለች፤ ድንቹን፣ ቃሪያውን፣ የጥብስ ቅጠሉን፣ በሶብላውንና ጤና አዳሙን በየወገኑ ታኖራለች። ጃንጥላ ካላት ትዘረጋለች፤ ከሌላት ነጠላዋን ትከናነባለች። ማቀዝቀዣ ስለሌላት ዛሬ ያልተሸጠው ቲማቲም ነገ ኪሣራ ነው። ይህን ሁሉ ይዛ በቀን ሁለት ጊዜ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ማዳበሪያዋን በአራት ማዕዘኑ ሰብስባ ትሮጣለች። ሲሄድ ተመልሳ ትዘረጋለች። ሲያባርሯት የወደቀው ቲማቲም በመኪና ጎማ ሲጨፈለቅ፣ መንገዱን ያቆሸሸችው እርስዋ ናት ይባላል።

ስለ ኑሮ ውድነት የሚጽፉ ሊቃውንት ጉሊት የምትሠራውን ሥራ እምብዛም አይቆጥሩላትም። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት የማይችል የቀን ሠራተኛ ሦስት ራስ ሽንኩርት፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ቃሪያ ገዝቶ የማታ ወጡን የሚሠራው ከጉሊት ነው። በትልልቆቹ መደብሮች ዘንድ እንዲህ ያለ ደንበኛ ቦታ የለውም። ደመወዝ እስኪደርስ በዱቤ የምትሰጠው ጎረቤቲቱን ስለምታውቅ ነው። «መርቂልኝ እንጂ!» ሲሏት አንድ ቃሪያ ትጨምራለች። ይህች ምርቃት በሒሳብ መዝገብ ውስጥ አትገባም፤ ድስቱ ውስጥ ግን ትገባለች። መደብሩ ዝግጁ የሆነው ለወር አስቤዛ ነው፤ ጉሊት የቆመችው ለዕለት እንጀራ ነው። ደመወዙ የማይበቃው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊና የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከዚህ መጽሔት አንባብያን ማለት ነው፣ የትኛው እንደሚቀርባቸው እነርሱው ያውቃሉ።

ገበያን ኋላ ቀርነት ነው የሚሉ ሰዎች የአገራቸውን ከተሞች ስም ቢያነቡ ይመለሱ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ሐሙሲትን ያልፋል፤ ወደ ጎንደር ሲቃረብም ማክሰኚትን ያገኛል። ሁለቱም ስማቸውን የወሰዱት ከገበያቸው ቀን ነው። ሰንበቴም የእሑድ ገበያዋን ይዛ ትኖራለች፤ በማግሥቱ ሰኞ ደግሞ በባቲ ደገኛውና ከአፋር ቆላ ግመሉን እየነዳ የመጣው ሰው ይገናኛሉ። ገበያው በፊት ነበረ፤ ከተማው በኋላ መጣ። መንግሥትም ቢሆን ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በቀድሞው ዘመን አዋጅ ሲታወጅ ነጋሪቱ የሚጎሰመው ሕዝቡ በሚሰበሰብበት በገበያ መካከል ነበርና። ሹሙ ቃሉን የሚያሰማውም፣ ሕዝቡ ምን እንዳለ የሚሰማውም በዚያው ነበር።

ዛሬ ነጋሪቱ ቀርቷል፤ የሚያሳዝነው መስማቱም አብሮ መቅረቱ ነው። ባለሥልጣኑ ለዓውደ ጥናት ወደ አንድ የክፍለ አገር ከተማ ይሄዳል። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴሉ መኝታ ወደ ሆቴሉ አዳራሽ፣ ከአዳራሹ ወደ ሻይ ዕረፍት ይመላለሳል። የጥናቱ ርዕስ ምናልባት የምግብ ዋጋ ንረት ይሆናል። ሦስት ቀን ሙሉ በመቶኛ ሲከራከር ይሰነብትና ከሆቴሉ በር መቶ እርምጃ በማትርቀው ጉሊት ሽንኩርት በስንት እንደ ዋለ ሳይጠይቅ፣ አበሉን ፈርሞ ይመለሳል። ያው ሰው በፓሪስ ቢሆን በማለዳ ተነሥቶ ገበያ ይወርድ ነበር! ወይ ጉድ! የሩቁን ሕዝብ ኑሮ ለማወቅ የተጋ እግር የቅርቡን ለማወቅ ለምን ይሰንፋል?

ሐረርን ለአብነት እንጥቀስ። የጁገል ግንብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መልእክተኞቻችን በዚያው በፓሪስ አዳራሽ ስሙን ሲያነሡ በኩራት ነው፤ ይገባቸዋልም። እንግዳ ሲመጣ ግንቡን፣ በሮቹን፣ የማታውን ጅብ ያሳዩታል። በሸዋ በር በኩል ከግንቡ ሥር አትክልቷን ዘርግታ የተቀመጠችውን፣ ከዙሪያው ገጠር በማለዳ የገባችውን ባላገር ግን ማንም በስም አያነሣትም። አንዲት ደንበኛ በአደርኛ ስትጠይቃት፣ ሌላዋ በአማርኛ ስትከራከራት፣ እርስዋ በኦሮምኛ እየመለሰች ሁሉንም ታስተናግዳለች። የከተማዪቱ ታሪክ የንግድ ታሪክ ነው የሚለውን ዐረፍተ ነገር በየመጽሐፉ እናነበዋለን፤ ንግዱ ግን ዛሬም ከግንቡ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያዩት የመንገድ መዝጊያ ይባላል። ድንጋዩ ሲከበር ድንጋዩ የተካበለት ኑሮ ለምን ይናቃል?

ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን እናውቃለን። አንደኛው ክርክራቸው ጤና ነው። ዝንብ አለ፣ ጭቃ አለ፣ በሽታ ይመጣል ይላሉ። እኛም ዝንቡንና ጭቃውን አንክድም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። የጅምላ ገበያ፣ ብዙ የጭነት መኪና የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ከመሐል ከተማ ወጣ ቢል አንቃወምም። ፓሪስም ሌ ዛል የተባለውን ታላቅ የጅምላ ገበያዋን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ወደ ሩንዢስ አውጥታለች። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሚከተለው ነው። ጅምላው ሲወጣ የየሰፈሩ ገበያ በየጎዳናው ቀረ፤ አሊግርም ሳክስም እስከ ዛሬ አሉ። በእኛ ዘንድ ግን ጅምላው በሄደ ቁጥር ጉሊቷም አብራ መጥፋት አለባት የሚል አስተሳሰብ እየተስፋፋ ነው። ጅምላው በራቀ መጠን የጉሊቷ ሴት መንገድ ይረዝማል፤ የመጓጓዣዋ ሒሳብም በቲማቲሙ ላይ ይጨመራል። ያንን የሚከፍለው ገበያውን ያዛወረው ሹም ሳይሆን ሦስት ራስ ሽንኩርት የሚገዛው ሰው ነው።

ስለ ሌ ዛል ካነሣን አይቀር ጥቂት እንጨምር፤ የአፍራሾችን ችኮላ ያሳያልና። ባልታር የተባለው መሐንዲስ በብረትና በመስታወት ያነጻቸው የገበያው አዳራሾች ከ1971 ጀምሮ ፈረሱ። በቦታቸው ለዓመታት ጉድጓድ ብቻ ቀረ፤ የከተማው ሰውም ስፍራውን «የሌ ዛል ጉድጓድ» እያለ ይጠራው ነበር። በ1979 ከመሬት በታች የመደብሮች ማዕከል ተከፈተበት። ከአዳራሾቹ አንዱ ብቻ ተነቅሎ ኖዣን ሱር ማርን ወደሚባል የከተማው ዳርቻ ሄዶ ቆመ፤ ፈረንሳውያንም ያፈረሱትን ለማየት ወደዚያ ይሄዳሉ። የሠለጠነውን አገር እንከተል ለሚሉን ሰዎች ይህም የሠለጠነው አገር ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ክርክራቸው መንገድ ነው። ጉሊት መኪና ታግዳለች ይላሉ። በአሊግርም እኮ መኪና ይታገዳል፤ ነገር ግን ሰዓት አለው። እስከ ቀትር መንገዱ የገበያተኛው ነው፤ ከዚያ በኋላ የመኪና ነው። ሰዓትና ቦታ ያልተሰጠው ሻጭ በማንኛውም ሰዓትና በማንኛውም ቦታ ቢገኝ ጥፋቱ የማን ነው? ቦታ ሳይሰጡ ከቦታህ ወጣህ ማለት ፍርድ አይባልም። በአንዳንድ ከተሞቻችን የእሑድ ገበያ እየተባለ በጎዳና ላይ ሲቆም አይተናል፤ ሰውም ወዶታል። በሳምንት አንድ ቀን የሚቻል ነገር በሌሎቹ ቀናት በጠዋቱ ሰዓት የማይቻልበትን ምክንያት የሚያስረዳን አላገኘንም።

ሦስተኛው በአፍ የማይነገር ክርክር ነው፤ ኀፍረት ይባላል። ታላቅ እንግዳ በሚመጣበት ሳምንት ጉሊቶች ከአውራ ጎዳና ይነሣሉ፤ አጥሩ ቀለም ይቀባል። እንግዳው እንዳያይ ነው። ያ እንግዳ ግን ከየት የመጣ ነው? ቅዳሜ ማለዳ በሰፈሩ ገበያ ዘንቢል ይዞ ሲዞር ካደገበት አገር ነው። ሆቴል ገብቶ ሻንጣውን እንዳኖረ አስተናጋጁን የሚጠይቀው «ገበያችሁ የት ነው?» ብሎ ነው። የደበቅንበት ነገር ሊያየው የመጣውን ነው።

እዚህ ላይ ወጣት ተማሪዎቻችንን ስለ ፎቶግራፍ አንድ ነገር እንነግራቸዋለን። በእረፍታቸው አገራቸውን ለማየት መጓዛቸው የሚያስመሰግን ነው። በየገበያው ገብተው ስልካቸውን አውጥተው ሴቲቱን ከነመደቧ አንሥተው መሄዳቸው ግን አያስመሰግንም። በባዕድ አገር ገበያ «ይቅርታ፣ ላንሣዎ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በአገሩ ገበያ እናቱን የምታህለዋን ሴት ሳይጠይቅ ያነሣል። «እናቴ፣ እንዴት ዋሉ? ቲማቲሙ ስንት ነው?» ማለት ምን ያስከፍላል? አንድ መደብ ገዝቶ፣ ካስፈለገም ተከራክሮ፣ ከየት እንዳመጣችው ጠይቆ ሲያበቃ ፎቶግራፉን ቢያነሣ የሚከለክለው የለም። ያን ጊዜ በምስሉ ላይ ያለችው ሴት ሰው ናት፤ ያለዚያ ግን ከበስተ ኋላ እንደሚታየው ዛፍ ሆና ትቀራለች።

ለባለሥልጣኖቹ ያለን ቃል ከዚህ አጠር ያለ ነው። በሚቀጥለው ጉዟቸው፣ ወደ ድሬዳዋም ይሁን ወደ ጎንደር፣ ከአዳራሹ ከመግባታቸው በፊት ማለዳ ወደ ቀረበው ጉሊት ይውረዱ። ጠባቂ ይዘው፣ ካሜራ አስከትለው ሳይሆን ፌስታል ይዘው ይውረዱ። ሽንኩርት ይግዙ፤ ዋጋውን ይጠይቁ፤ ውሃ ከየት እንደምትቀዳና ለመጸዳዳት የት እንደምትሄድ ሻጪቱን ይጠይቋት። ለመጨረሻው ጥያቄ የምትሰጠውን መልስ በማስታወሻቸው ይጻፉት፤ ከዓውደ ጥናቱ ወረቀት ሁሉ ያ ይጠቅማቸዋልና።

ጉሊት የምትፈልገው ቤተ መንግሥት አይደለም። አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የፍሳሽ ቦይ፣ በር ያለው መጸዳጃ ቤት፣ ለዝናብና ለፀሐይ የሚሆን ቆርቆሮ ወይም ሸራ፣ ገበያው ሲበተን የሚመጣ የቆሻሻ መኪና፣ ደንብ አስከባሪው የሚያውቀው ሰዓትና ቦታ። ሻጮቹ ለቦታው መጠነኛ ኪራይ ይክፈሉ፤ ዛሬም ሲባረሩ ከሚጠፋባቸው ቲማቲም ያነሰ ስለሚሆን እሺ ይላሉ ብለን እናምናለን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይብታል። ይህ ሁሉ ለአንዲት ጉሊት ሲዘጋጅ ወጪው ከአንድ ዓውደ ጥናት የሆቴል ሒሳብ ይበልጣል የሚል ሹም ካለ ሁለቱን ሒሳቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይላክልን፤ በዚሁ መጽሔት ላይ፣ አንዲት ቁጥር ሳንነካ፣ እናወጣለታለን።